መቶ ቅጂ፣ አንድ ስህተት

ሰኞ፣ ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሰዓት ረፋዱ 4 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት፣ በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰው ስልኩን ደጋግሞ መነካካት ጀመረ። ስናፕቻት አልከፍት አለ። ሲግናል መልዕክት አላደርስ አለ። ፎርትናይትና ሮብሎክስ የሚጫወቱ ልጆች ከጨዋታቸው ወጡ። በብሪታንያ የባንክ ደንበኞች ሂሳባቸውን ማየት አቃታቸው።

አሜሪካ፣ ሰሜን ቨርጂኒያ በሚገኙት የአማዞን የመረጃ ማዕከላት ግን እሳት አልተነሳም። መብራት አልጠፋም። ሰብሮ የገባ ጠላፊም አልነበረም። የሆነው ነገር ሲነገር ቀላል ነው፦ ዳይናሞዲቢ የተባለው የአማዞን ዳታቤዝ አገልግሎት የት እንደሚገኝ የሚናገረው የስም መዝገብ ባዶ ሆነ። አገልግሎቱ በቦታው አለ፤ አድራሻውን የሚያውቅ ግን ጠፋ።

መዝገቡን ለማስተካከል ከ2 ሰዓት ተኩል በላይ ወሰደ። መዘዙ ግን በአዲስ አበባ ሰዓት እኩለ ሌሊት እስኪቃረብ አለቀቀም።

ከሁሉ የሚገርመው፣ ያ መዝገብ በአንድ እጅ ብቻ የሚጠበቅ አልነበረም። አንዱ ቢወድቅ ሌላው እንዲተካው ተብሎ በሦስት የተለያዩ ቦታዎች የሚሠሩ ሦስት ጠባቂዎች ነበሩት። መዝገቡን ባዶ ያደረጉትም እነዚሁ ጠባቂዎች ናቸው። ሦስቱም የታዘዙትን ሲፈጽሙ ነበር።

ይህ ክስተት የኮምፒውተር ባለሙያዎች ብቻ ተወያይተውበት የሚያልፍ ጉዳይ አይደለም። ባንኩን፣ መታወቂያውን፣ ግብሩንና ትምህርቱን ወደ ኔትወርክ እያስገባ ያለ አገር ሁሉ ሊያስብበት ይገባል። «መጠባበቂያ አለን» የሚለው ቃል የብዙ ተቋማት ማጽናኛ ሆኗልና። ቅጂ ማብዛትና ደህንነት ግን አንድ ነገር አይደሉም።

◆ ስምና ቁጥር

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ከኪስ ስልክ መነሳት ይቻላል። ዛሬ የእናቱን ስልክ ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። «እማዬ» ብሎ መዝግቧል፤ ስሙን ሲነካ ስልኩ ቁጥሩን ራሱ ይፈልጋል። ስልኩ ቢጠፋ እናት አልጠፋችም፤ ቁጥሯም አልተቀየረም። ሰውየው ግን ሊያገኛት አይችልም።

ኢንተርኔትም እንዲሁ ነው። ሰው የሚጽፈው ስም ነው፤ ኮምፒውተሮች የሚገናኙት ግን በቁጥር ነው። በስሙና በቁጥሩ መካከል ሆኖ የሚያገናኘው ሥርዓት ዲ ኤን ኤስ ይባላል።

በአርፓኔት ዘመን፣ ማለትም ኢንተርኔት ገና በጨቅላነቱ ሳለ፣ ይህ ሁሉ አንድ ፋይል ነበር። ካሊፎርኒያ ውስጥ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም፣ ኤልዛቤት ፋይንለር የሚመሩት የመረጃ ማዕከል የእያንዳንዱን ኮምፒውተር ስምና ቁጥር በአንድ ዝርዝር ይይዝ ነበር። አዲስ ኮምፒውተር የገዛ ተቋም ለማዕከሉ ያሳውቃል፤ ማዕከሉ ይመዘግባል፤ ሌሎቹ ሁሉ ዝርዝሩን እየገለበጡ ይወስዳሉ።

ኮምፒውተሮቹ ጥቂት በነበሩበት ጊዜ ይህ ሠራ። ሲበዙ ግን ጭነቱ በቁጥራቸው ልክ አላደገም፤ ከዚያ በላይ አደገ። እያንዳንዱ አዲስ ኮምፒውተር ሁለት ነገር ይዞ ይመጣልና፤ በዝርዝሩ ላይ አንድ ተጨማሪ ለውጥ፣ ዝርዝሩን የሚገለብጥ አንድ ተጨማሪ ተቋም። አንድ ሰው ዝርዝሩን ገልብጦ ሳይጨርስ ዝርዝሩ ያረጅ ጀመር።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ መፍትሔው ሸክሙን ማከፋፈል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ የዲ ኤን ኤስን ንድፍ አወጣ። በንድፉ መሠረት ስሞቹን ሁሉ የሚይዝ አንድ መዝገብ አይኖርም። ሥሩ የሚያውቀው ነጥብ ኮም፣ ነጥብ ኦርግ፣ ነጥብ ኢቲ የት እንደሚገኙ ብቻ ነው። እነዚያ ደግሞ በሥራቸው ያሉትን ያውቃሉ። እያንዳንዱም መዝገቡን ቢያንስ በሁለት ሰርቨሮች ላይ ያስቀምጣል።

◆ አውቆ የተመረጠ መዘግየት

ወሳኙ ምርጫ የተደረገው እዚህ ላይ ነው። አንድ መዝገብ በብዙ ቦታ ሲቀመጥ «ሁሉም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ይናገሩ» ማለት ይቻላል። ይህ ከሆነ ግን አንድ ለውጥ ሲደረግ ሁሉም እስኪስማሙ ድረስ መልስ መስጠት ማቆም አለባቸው። ከመካከላቸው አንዱ መንገድ ተቆርጦበት ዝም ቢል ሌሎቹ ሁሉ ይታገታሉ።

የዲ ኤን ኤስ ንድፍ ይህን አልመረጠም። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የሥርዓቱ መሠረታዊ ሰነድ በግልጽ እንዳስቀመጠው፣ መልስ ማግኘት የሁሉም ቅጂዎች በአንድ ቅጽበት መታደስ ከሚያስገኘው ጥቅም ይበልጣል። ትናንት የነበረውን አድራሻ የሚነግር ሰርቨር ምንም ከማይነግር ይሻላል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ዋናው መዝገብ አንድ ተከታታይ ቁጥር አለው። መዝገቡ በተለወጠ ቁጥር ይህ ቁጥር ይጨምራል። ቅጂ የያዙት ሰርቨሮች በየተወሰነ ጊዜ «ስንት ቁጥር ላይ ደረስክ?» ብለው ይጠይቃሉ። የዋናው ቁጥር ከእነሱ ከበለጠ አዲሱን ይገለብጣሉ፤ ካልበለጠ ባለበት ይቀጥላሉ። እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ ደግሞ ዋናው ራሱ «ተለውጫለሁ፣ ኑና ውሰዱ» ብሎ የሚያሳውቅበት፣ ሙሉው መዝገብ ሳይሆን የተለወጠው ብቻ የሚላክበት መንገድ ተጨምሯል።

በተጠቃሚውና በእነዚህ ሰርቨሮች መካከል ያሉት የኢንተርኔት አቅራቢዎችም ያገኙትን መልስ ለተወሰነ ጊዜ ይዘው ያቆያሉ። ጊዜው ሲያልቅ ጥለው እንደገና ይጠይቃሉ።

ስለዚህ አንድ ባንክ ዛሬ ጠዋት የድረ ገጹን አድራሻ ቢቀይር፣ ለጥቂት ሰዓታት ባሕር ዳር ያለ ደንበኛ አሮጌውን፣ ዋሽንግተን ያለው ወንድሙ አዲሱን ሊያገኝ ይችላል። ሥርዓቱ ተበላሽቶ አይደለም፤ ሲሠራ እንዲህ ነው።

ምርጫው ትክክል ነበር። በጥቂት መቶ ኮምፒውተሮች ዘመን የተነደፈ ሥርዓት ዛሬ በቢሊዮን የሚቆጠሩ መሣሪያዎችን ተሸክሞ የሚሄደው ሁሉም በአንድ ጊዜ ይስማሙ ብሎ ስላላስገደደ ነው። ምርጫው ግን ዕዳ አለው፤ ዕዳውን ደግሞ ብዙዎች ዘንግተውታል።

◆ ዕዳው በአራት መልክ ሲመጣ

አንደኛው መልክ፣ ዋናው ተሳስቶ ቅጂዎቹ በታማኝነት ሲገለብጡ ነው። በብራና ዘመን አንድ ጸሐፊ ቃል ቢገድፍ ከእሱ የገለበጡት ሁሉ ግድፈቱን ይዘው ይሄዱ ነበር። ልዩነቱ ያ ዓመታት የሚፈጅ መሆኑ፣ ይህ ደቂቃዎች የሚፈጅ መሆኑ ነው።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 17 ቀን 1997 የነጥብ ኮምና የነጥብ ኔት መዝገብ ጠባቂ የነበረው ኔትወርክ ሶሉሽንስ የተበላሸ መዝገብ አወጣ። የሚያስጠነቅቅ ሥርዓት አልነበረም እንዳይባል ነበር፤ ማስጠንቀቂያውም በሚገባ ጮኋል። በሌሊት ተረኛ የነበረው ባለሙያ ግን አልፎት መዝገቡን ለቀቀው። በዓለም ዙሪያ ያሉ ሰርቨሮች የተበላሸውን ተቀበሉ፤ እስኪታረም ወደ 4 ሰዓት ገደማ ወሰደ።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 12 ቀን 2009 ደግሞ የስዊድን ተራ ደረሰ። የነጥብ ኤስኢ መዝገብ በሚዘጋጅበት ፕሮግራም ላይ በተሠራ ስህተት ከስሞቹ መጨረሻ ላይ አንዲት ነጥብ ተረሳች። በዲ ኤን ኤስ ቋንቋ ያቺ ነጥብ «ስሙ እዚህ ያበቃል» ማለት ናት። ስትጠፋ ሰርቨሮቹ ስሙ ያላለቀ መስሏቸው ሌላ ነጥብ ኤስኢ ቀጠሉበት። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የስዊድን ስሞች በአንድ ምሽት የሌለ ቦታ ይጠቁሙ ጀመር። ስህተቱ ተገኝቶ ዋናው መዝገብ በቶሎ ታረመ። የተሳሳተውን መልስ ይዘው ያቆዩት የኢንተርኔት አቅራቢዎች ግን ጊዜው እስኪያልቅ ወይም በእጅ እስኪያጸዱት ድረስ ያንኑ ደጋገሙ። መልስን ይዞ ማቆየት በደህና ቀን ሥርዓቱን ያድናል፤ በክፉ ቀን ስህተቱን ያቆያል።

ሁለተኛው መልክ፣ አንድ ቅጂ ወደኋላ ሲቀርና ማንም ሳያውቅ ሲቀር ነው። የኢንተርኔት ሥር በ13 ስሞች፣ ከኤ እስከ ኤም ባሉ ፊደላት ይጠራል። እነዚህን 12 ድርጅቶች ያስተዳድሯቸዋል፤ በዓለም ዙሪያም ከሺህ በላይ ቦታዎች ላይ ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ከ13ቱ አንዱ፣ ኮጀንት የሚያስተዳድረው ሲ፣ መዝገቡን ማደስ አቆመ። ለአራት ቀናት ያህል አሮጌውን ይዞ መልስ ሲሰጥ ቆየ።

ድርጅቱ የሰጠው ምክንያት ከክስተቱ በላይ ያስተምራል። ለሌላ ጉዳይ የተደረገ የመስመር አቅጣጫ ለውጥ መዝገቡ እንዳይታደስ ካደረገው ችግር ጋር ተያይዞ፣ ችግሩን መናገር የነበረበትን የክትትል ሥርዓት ጭምር ዝም አሰኝቶት ነበር። ዘበኛው ከነበሩ ጋር አብሮ ተቆልፎበታል ማለት ነው። ደግነቱ ሌሎቹ 12 ወቅታዊ ነበሩ፤ ሲም ቢሆን መልስ መስጠት አላቆመም፤ ተጠቃሚ የተጎዳበትም አልተሰማ።

ሦስተኛው መልክ፣ ሁሉም ቅጂዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ሲያገልሉ ነው። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ምሽት ፌስቡክ፣ ዋትስአፕና ኢንስታግራም ለስድስት ሰዓት ያህል ጠፍተው እንደነበር ብዙዎች ያስታውሳሉ። የቴሌግራም መሥራች ፓቬል ዱሮቭ በዚያ ቀን ብቻ ከ70 ሚሊዮን በላይ አዲስ ተጠቃሚ እንደመጣለት ተናግሯል።

መነሻው በጥገና ወቅት የተሰጠ አንድ ትዕዛዝ የፌስቡክን የመረጃ ማዕከላት እርስ በርስ ማቆራረጡ ነበር። የስም ሰርቨሮቹ «ከማዕከሉ ጋር መገናኘት ካቃተህ አንተ ታማሚ ነህ፣ ራስህን ከመንገድ አውጣ» የሚል ደንብ ነበራቸው። አንዱ ሰርቨር ብቻ ቢታመም ደንቡ ብልህ ነው። ያን ቀን ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ታማሚ ነን ብለው ወጡ። መሐንዲሶቹ ችግሩን የሚፈቱባቸው መሣሪያዎችም በዚያው ኔትወርክ ላይ ስለነበሩ አብረው ተቋረጡ።

አራተኛው መልክ የጥቅምት 10ሩ የአማዞን ነው። ኩባንያው ራሱ ባወጣው ማብራሪያ መሠረት፣ አንድ ዕቅድ አውጪ ፕሮግራም አድራሻዎቹን እያሰላ አዳዲስ ዕቅዶች ያወጣል፤ ሦስት ፈጻሚዎች ደግሞ ዕቅዱን መዝገቡ ላይ ያውላሉ። ያን ቀን አንዱ ፈጻሚ እጅግ ዘገየ። ሥራ ሲጀምር «የያዝኩት ዕቅድ ካለው ይበልጥ አዲስ ነው?» ብሎ ጠይቋል፤ ያኔ መልሱ አዎ ነበር። እሱ ሲንቀራፈፍ ግን ሌሎች ዕቅዶች ወጡ፤ ሌላኛው ፈጻሚ አዲሱን ይዞ ፈጥኖ ጨረሰ። ከዚያ ዘገምተኛው ደረሰና አሮጌውን በአዲሱ ላይ ጻፈበት። ፈጣኑ ደግሞ በዚያው ቅጽበት ያረጁ ዕቅዶችን እየጠረገ ነበርና ያንን አሮጌ ዕቅድ ሰረዘው። በሥራ ላይ የነበረው ዕቅድ ሲሰረዝ አድራሻዎቹ ሁሉ አብረው ሄዱ። ሥርዓቱም ራሱን ማረም በማይችልበት ሁኔታ ተያዘ፤ በመጨረሻ ሰው ገብቶ በእጁ አስተካከለው።

የተከታታይ ቁጥሩ ጥያቄ ተጠይቋል፣ መልስም አግኝቷል። ችግሩ በጥያቄውና በጽሑፉ መካከል ጊዜ ማለፉ ነው። ጠዋት የተጣራ ነገር ማታ እውነት ላይሆን ይችላል።

◆ ገንዘቡ የት ይዋል?

ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የተለመደው ምላሽ አንድ ነው፤ «ተጨማሪ ሰርቨር እንግዛ፣ ተጨማሪ መጠባበቂያ እናቁም»። ለበጀት ጠያቂም ለአለቃም የሚታይ ነገር ነውና ይወደዳል። ሪባን ይቆረጥበታል፣ ፎቶ ይነሳበታል።

ከአራቱ አደጋዎች ውስጥ ግን በተጨማሪ ሰርቨር ይቀር የነበረ አንድም የለም። በ1997 አሥር እጥፍ ሰርቨር ቢኖር አሥር እጥፍ የተበላሸ ቅጂ ይኖር ነበር። በስዊድን ሺህ ሰርቨር ቢኖር ሺዎቹ ሁሉ ነጥቧን ያጡ ነበር። በፌስቡክ ሁሉም በአንድ ደንብ ይወጡ ነበር። በአማዞን አራተኛ ፈጻሚ ቢጨመር እርስ በርስ የሚረጋገጡት ቁጥር ይጨምር እንደሆነ እንጂ አይቀንስም። በአንድ እጅ የሚጻፍ መቶ ቅጂ አንድ ቅጂ ነው።

የሲ ታሪክ ቀላል ሆኖ ያለፈው ግን ሥሩን የሚያስተዳድሩት 12 ድርጅቶች በእውነት የተለያዩ ስለሆኑ ነው። ኔትወርካቸው፣ ባለሙያዎቻቸውና የሥራ ልማዳቸው ይለያያል። የአንዱ የመስመር ለውጥ ሌላውን አይነካም። ከብዛት ይልቅ መለያየት የጠቀመበት ቦታ ይህ ነው።

«ዲጂታል ፊርማ አለ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። አለ። የኢንተርኔት ሥር መዝገብ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ይፈረማል። ፊርማው የሚያረጋግጠው ግን ቅጂው በመንገድ ላይ በሌላ እጅ አለመነካቱን ነው። ባለቤቱ ራሱ ተሳስቶ የፈረመበትን ስህተት ፊርማው እንደ እውነት አትሞ ያሳልፈዋል።

ሌላው ተቃውሞ ፍጥነት ነው። «እያንዳንዱን ለውጥ እየፈተሽን ከቆየን ሥራ ይጓተታል» የሚሉ አሉ። መልሱ ቀላል ነው፦ ይህ ሥርዓት ከመጀመሪያውም መዘግየትን እንዲችል ሆኖ ነው የተሠራው። ተጠቃሚው አሮጌውን አድራሻ ለጥቂት ሰዓት ቢያገኝ ምንም እንዳይሆን ተደርጎ የተነደፈ መዝገብ፣ ከመለቀቁ በፊት ለአምስት ደቂቃ ቢፈተሽ የሚጎዳው የለም። መዝገቡ ከትናንቱ በግማሽ ቢያንስ፣ ወይም ባዶ ቢሆን፣ ወይም ሁሉም ስም በአንድ ጊዜ ቢለወጥ፣ ማሽኑ ቆሞ ሰው ይጥራ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ግን የፈሰሰውን የምትለቅመው የቸኮለችው ብቻ አይደለችም፤ ሰፈሩ ሁሉ ነው።

◆ ነጥብ ኢቲ

ጉዳዩ የአሜሪካና የስዊድን ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ የኢንተርኔት ስም ነጥብ ኢቲ ነው፤ የሚያስተዳድረውም ኢትዮ ቴሌኮም ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና ባንኮች ስማቸውን የሚያገኙት ከዚያ መዝገብ ነው። ክፍያ በስልክ በሆነበት፣ መታወቂያ ዲጂታል በሆነበት አገር የዚያ መዝገብ ጤና የቴክኒክ ክፍሉ ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም። ከየባንኩና ከየመሥሪያ ቤቱ የራሱ የስም መዝገብ ጋርም ነገሩ ተመሳሳይ ነው።

ስለዚህ ሕዝብ፣ ጋዜጠኛና የሕዝብ እንደራሴ «ስንት ሰርቨር አላችሁ?» ከማለት ይልቅ ሦስት ጥያቄ ቢጠይቁ ይበጃል።

አንድ፦ አዲስ መዝገብ ከመለቀቁ በፊት ማን ይፈትሸዋል? ማስጠንቀቂያ ቢጮህ አልፎ መልቀቅ የሚችለው አንድ ሰው ብቻውን ነው ወይስ የሁለት ሰው ፈቃድ ይፈለጋል? ይህ የ1997 ጥያቄ ነው።

ሁለት፦ አንድ ቅጂ ወደኋላ ቢቀር የሚያየው ማን ነው? የሚያይበት መንገድስ ከሚጠብቀው መንገድ የተለየ ነው? የሲ እና የፌስቡክ ጥያቄ ይህ ነው። ከውጭ ሆኖ፣ በሌላ መስመር፣ «ስንት ቁጥር ላይ ናችሁ?» እያለ ሁሉንም የሚጠይቅ አንድ ትንሽ ኮምፒውተር ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ሦስት፦ ማሽኑ ራሱን ማረም ሲያቅተው፣ ሰው የትናንቱን ደህና መዝገብ በእጁ የሚመልስበት መንገድ አለ? መንገዱስ በደህና ቀን ተሞክሯል? አማዞን ከአደጋው በኋላ ያንን የፕሮግራም ሥራ በዓለም ዙሪያ ማስቆሙንና እንደገና ከማስጀመሩ በፊት እንደሚያርመው አሳውቋል። ማስቆሚያ ያለው ተቋም ማስቆም ይችላል፤ የሌለው ግን ቆሞ ያያል።

እነዚህ ጥያቄዎች ሪባን አይቆረጥባቸውም። መልሳቸው የሚገኘው በአሠራር መመሪያ፣ በተረኛ ዝርዝርና በልምምድ ውስጥ ነው። ፎቶ የማይነሳ ሥራ ስለሆነ በጀት ሲቀነስ መጀመሪያ የሚነካው እሱ ነው፤ አደጋ ሲመጣ መጀመሪያ የሚፈለገውም እሱ ነው።

በ1997 ማሽኑ ስህተቱን አይቶ ጮኋል። የጎደለው፣ ያን ጩኸት ሰምቶ «ቆይ፣ ይህ አይለቀቅ» ማለት የሚችል፣ ያለውም እንደማይቀጣ የሚያውቅ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ተረኛ አድርጎ ማስቀመጥ ከአንድ ተጨማሪ ሰርቨር ይረክሳል። የሚያድነው ግን ብዙ ነው።